የሴፍቲ ሹም አፍና ጆሮ

በዚህ ዓመት ከምህንድስና ክፍል ከሚመረቁት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል አንዳንዶቹ በፋብሪካ ወይም በሕንፃ ሥራ ቦታ «የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ባለሙያ» ተብለው ይቀጠራሉ። ሠራተኛው ይህን ረጅም ስም አይጠራውም፤ በአጭሩ «ሴፍቲ» ይለዋል። «ሴፍቲ መጣ፣ ቆብህን አድርግ!» ይባባላል። ሴፍቲው ፊቱን ሲያዞር ቆቡ ይወልቃል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ሰው፣ ማለትም ነገ ስለምንሆነው ሰው፣ ጥቂት ለማለት ተነሥተናል።

እስኪ የተማርነውን እንቁጠረው። የማሽን ድምፅ በዴሲቤል መለካት እንችላለን። ስካፎልዲንግ የሚሸከመውን ክብደት እናሰላለን፤ የትኛው የእሳት ማጥፊያ ለየትኛው እሳት እንደሚሆን ለይተን እናውቃለን፤ የአደጋ ማመዛዘኛ ሰንጠረዡንማ ፈተና ሲደርስ እንደ ዳዊት በቃላችን እንወጣዋለን። መልካም ነው፤ ይህን የሚንቅ የለም። ነገር ግን በካቦው ፊት ቆሞ «ይህ ሥራ ይቁም» ማለት እንዴት እንደሆነ፣ ማኔጀሩ ቢሮ ገብቶ የማይወደውን ነገር መንገር እንዴት እንደሆነ፣ የቀን ሠራተኛው ያየውን እንዲናገር ምን ማድረግ እንደሚገባ ያስተማረን የለም። «ይህማ የጠባይ ጉዳይ ነው፤ ከተፈጥሮ የሚገኝ ነው» የሚሉ ከመምህራንም ከተማሪዎችም አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። መናገርም ሆነ መስማት የሚለመድ ሥራ ነው። ታላላቆቹ አደጋዎች ሲመረመሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው፣ አንዱ ሰው የሚያውቀው ነገር ወደሚያስፈልገው ሰው ሳይደርስ መቅረቱ ነው።

ለዚህ ምስክር እንጥራ። በስኮትላንድ ወገን በሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ የሚባል የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረክ ነበረ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 ማታ ተቃጥሎ 167 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት 61 ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ስለ እሳትና ስለ ብረት ያስባል። ታሪኩ ግን የወረቀትና የአፍ ታሪክ ነው።

በመድረኩ ላይ ከጋዙ የሚለየውን ፈሳሽ የሚገፉ ሁለት ፓምፖች ነበሩ፤ አንዱን «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» እንበላቸው። በዚያ ቀን የፓምፕ «ሀ» የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለምርመራ ተነቀለና በቦታው የብረት ክዳን ተደረገ። ክዳኑ ግፊት ሊቋቋም የሚችል ሆኖ አልተዘጋም። ሥራው እስከ ማታ ስላላለቀ ቫልቩ ሳይመለስ አደረ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተረኞች ሲለዋወጡ ለቫልቩ ሥራ የወጣው የፈቃድ ወረቀት ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ተመለሰ፤ ለሌሊቱ ተረኛ ግን «ቫልቩ በቦታው የለም» ብሎ በቃሉ የነገረው ሰው አልነበረም።

ለ4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ሲሆን ፓምፕ «ለ» ቆመ። አልነሣም አለ። ተረኞቹ ፓምፕ «ሀ»ን ለማስነሣት አሰቡና ወረቀቱን ፈለጉ። ስለ ፓምፑ እድሳት የተጻፈውን አንዱን ወረቀት አገኙት፤ እድሳቱ ገና አለመጀመሩንም ዐወቁ። ስለ ቫልቩ የተጻፈው ሌላው ወረቀት ግን ለብቻው ስለነበረ አላዩትም። እንግዲያው ፓምፑ ደኅና ነው ብለው አስነሡት። 4 ሰዓት ላይ ፈነዳ።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ትንሽ ቆም እንዲል እንለምነዋለን። ደንቡ ተጽፏል፤ ወረቀቱም ተፈርሟል። ቫልቩ መነሣቱን የሚያውቅ ሰው በዚያው መድረክ ላይ ነበረ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ንግግር ብቻ ጎደለ። ሥራ የሚያስረክብ ሰው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ሲያኖር «አስረከብሁ» ይላል። የሚረከበው ግን ያልሰማውን አልተረከበም።

ከፍንዳታው በኋላ የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ብዙዎቹ ሠራተኞች እንደ ልማዳቸው ወደ መኖሪያው ክፍል ገብተው ትእዛዝ ጠበቁ። የመድረኩ አዛዥ ግን ውጡ ወይም ቆዩ የሚል የተጨበጠ ትእዛዝ አልሰጠም፤ ብዙዎቹ እዚያው በጭስ ታፍነው ሞቱ። ከተረፉት መካከል ትእዛዝ መጠበቁን ትተው በራሳቸው መንገድ ወደ ባሕሩ የወረዱ አሉ። በአቅራቢያው የነበሩት ክሌይሞርና ታርታን የሚባሉት መድረኮች በበኩላቸው እሳቱ ከሩቅ እየታየ ነዳጅና ጋዝ ወደዚያው የቧንቧ መስመር መግፋታቸውን ወዲያው አላቆሙም። ያለ በላይ አለቃ ፈቃድ ምርት ማቆም ከበዳቸው። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ከለን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሪፖርት 106 የማሻሻያ ሐሳቦች አቅርበዋል። እኛ ከሁሉ የሚከነክነን ግን ያ የክሌይሞር ሰው ነው። እሳቱን በዓይኑ እያየ ስልክ የጠበቀ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ዝም ብሎ ጥሩ ሠራተኛ ነበረ። እንደ እኛ።

ከታች ወደ ላይ ስለሚነገረው ነገር ደግሞ ሌላ ምስክር አለን። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሞቱ። የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት ችግር የሰው ሕይወት ሊያጠፋ እንደሚችል ከሮኬቱ ሠሪዎች አንዱ የሆነው መሐንዲስ ሮጀር ቦይዦሌ በጁላይ 1985 ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። በዋዜማውም ማታ መሐንዲሶቹ በስልክ ስብሰባ ላይ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አትነሣ ብለው ተከራከሩ። የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው ገብተው መከሩ፤ እዚያም የምህንድስናው ክፍል ኃላፊ የመሐንዲስ ቆቡን አውልቆ የአስተዳደር ቆብ እንዲያደርግ በበላዩ ተነገረው። አደረገ። ፈቃዱም ተሰጠ።

ኤድዋርድ ተፍቲ የተባለ ምሁር ቆይቶ መሐንዲሶቹን ወቅሷል። ቁጥራችሁን በብዙ ወረቀት በትናችሁ አቀረባችሁት፤ ብርዱንና ጉዳቱን በአንድ ገጽ አስተያይታችሁ ብታሳዩ ኖሮ ማንም እምቢ ባላላችሁ ነበር ይላል። ቦይዦሌና ሌሎችም ወቀሳው ልክ አይደለም ብለው መልሰዋል። በእኛ ሚዛን ጥፋቱ የሚከብደው በአለቆቹ ላይ ነው። ደጋግሞ አስጠንቅቆ ያልተሰማን ሰው «አነጋገርህ አላማረም» ማለት የደላው ሰው ትችት ነው። ሆኖም «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለከንቱ አልተነገረም። አደጋን በሃያ ገጽ ሪፖርት መካከል ቀብሮ ማቅረብ ለአለቃ ማምለጫ መስጠት ነው። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ «ይህ ሥራ ዛሬ ከቀጠለ ሰው ይሞታል፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ተብሎ ሲጻፍ አለቃው ወይ ያቆመዋል ወይ በራሱ ስም ይፈርማል። አንብቤ አልገባኝም ማለት አይችልም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ ነገሩ የሚከብድበት ምክንያት አለ፤ ስሙም ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በመንደርና በቤተ ዘመድ መካከል መልካም ነገር ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ተከባብሮ የሚኖርበት ነው። በስካፎልዲንግ ላይ ግን ገዳይ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲባል ያደገ ልጅ ፎርማኑን «ተሳስተሃል» ለማለት አፉ አይከፈትለትም። ቢከፈትለት እንኳ ነገሩን በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ ይናገረዋል፤ «ያ ጣውላ ትንሽ አርጅቷል መሰለኝ» ይላል። ሰሙን የሰማ አለቃ ወርቁን ሳይፈታ ሥራውን ያስቀጥላል። ቅኔ ለማኅሌት ጥሩ ነው። ለበሰበሰ ጣውላ ግን የሚያስፈልገው «ጣውላው በስብሷል፤ ሰው አይውጣበት» የሚል ደረቅ አማርኛ ነው።

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ ከወጣነው መካከል በአንድ የሕንፃ ሥራ ቦታ፣ ስሙን እንተወውና፣ ያየነውን እንንገር። በሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሸምገል ያለ አናጢ ከሚረግጡት ጣውላዎች አንዷን ሁለት ቀን ሙሉ እየዘለሉ ሲያልፉ አየናቸው። ለረዳታቸውም በእጃቸው ያሳዩት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌላ የቀን ሠራተኛ ረገጣትና ተሰበረች፤ እግዚአብሔር ሲያተርፈው ከታች ባለው እርከን ላይ ወድቆ ክንዱ ብቻ ተሰበረ። አናጢውን «ጋሼ፣ ያውቁ ኖሯል፤ ለምን አልተናገሩም?» ብንላቸው «ማን ጠየቀኝ?» አሉን። በዚያ ቦታ ሴፍቲ ነበረ። የእኛው ትምህርት ቤት ልጅ ነው። በየጧቱ ይዞርና ቆብና ጫማ ይቆጥራል፤ በቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ አናጢውን «አንተ፣ ቀበቶህ የት አለ?» ይላቸዋል። በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ ብሎ የጀመረ ልጅ ከዚያ ሰው አፍ የጣውላ ወሬ አያገኝም። «ጋሼ፣ ዛሬ ምን የሚያሳስብዎ ነገር አለ?» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ጣውላዋን በመጀመሪያው ቀን ያገኛት ነበር። ይህን የምንለው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። እንዲህ አድርጎ ያስተማረው የለም።

«እሺ» ስለምትባለው ቃልም እናንሣ። በሥራ ቦታ ከእሷ የበለጠ አደገኛ ቃል አናውቅም። «ገባህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እሺ» የማይል ኢትዮጵያዊ የለም። እሺ ማለት ሰምቻለሁ፣ አክብሬሃለሁ፣ አሁን ልቀቀኝ ማለት ነው። ስለዚህ «ገባህ?» የሚለው ጥያቄ ከሴፍቲ አፍ ጨርሶ ሊወጣ ይገባዋል። በምትኩ «እስኪ እንዴት አድርገህ እንደምትሠራው አሳየኝ» ይባል። ሠራተኛው ሲያሳይ ያልገባው ነገር እዚያው ይታያል፤ እሱም አያፍርም፣ ሴፍቲውም አይሳሳትም። የአውሮፕላን አብራሪ ከመቆጣጠሪያ ማማ የሰማውን ትእዛዝ ደግሞ የሚናገረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። በአዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ ቦታዎች ድንጋይና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ወጣት ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጉራጌ፣ ከኦሮሚያ ገጠር የመጣ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማ ገጠር የመጡ ልጃገረዶችን ከውጭ አገር የመጡ አሠልጣኞች አሠርተዋቸዋል፤ በመካከል ሦስተኛ ሰው ካልቆመ አንዱ የሌላውን አይሰማም። እኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተምረን፣ በእንግሊዝኛ ፈተና ወስደን፣ ማስጠንቀቂያውን በእንግሊዝኛ ጽፈን በግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ከዚያ አደጋ ሲደርስ «ተለጥፎ ነበር» እንላለን። የተለጠፈ ሁሉ የተነገረ ቢሆን ኖሮ ፓይፐር አልፋ አይቃጠልም ነበር።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከእኛ ይቀድማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራቸው አደገኛነትና ስለ መከላከያው እንዲያስተምርና እንዲያስገነዝብ፣ የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ የደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴም እንዲያቋቁም ያዛል። ሠራተኛውንም ያየውን ጉድለት ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። እንግዲህ መናገር መብት ብቻ አይደለም፤ ግዴታ ሆኗል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም ለሕይወቱ ከሚያሰጋ ቅርብ አደጋ በበቂ ምክንያት የሸሸ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት እንዳይጎዳ ይላል። ይህን አንቀጽ የሰማ የቀን ሠራተኛ ስንት ነው? የሚነግረው ማነው? ሴፍቲው ካልነገረው ካቦው አይነግረውም።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። «እናንተ ልጆች፣ ሴፍቲ ምን ሥልጣን አለው? ደመወዙን የሚከፍለው ያው ድርጅት ነው። ዛሬ ሥራ አስቁሞ ነገ ቤቱ ይውላል» የሚሉን አሉ፤ አብዛኞቹም ከእኛ በፊት ተመርቀው ሥራ የገቡ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው የሚኖሩትን ሰዎች አንፈርድባቸውም፤ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ከላይ ያለው ሰው መስማት ካልፈለገ ከታች ያለው ሰው አንደበተ ርቱዕ ቢሆንም የትም አይደርስም፤ ቦይዦሌን ያየ ይህን ያውቃል።

የላይኛው ሰው ሲሰማ ግን ምን እንደሚሆን የታየበት ቦታ አለ። አልኮዋ የተባለው የአሜሪካ የአሉሚኒየም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ፖል ኦኒል የሚባለውን ሰው በበላይነት ሾመ። ይህ ሰው በመጀመሪያው ንግግሩ ስለ ትርፍ የጠበቁትን ባለሀብቶች ስለ ሠራተኞች ደኅንነት ነግሮ አስደነገጣቸው። አንድ ወጣት ሠራተኛ በማሽን ተመትቶ በሞተ ጊዜ ሹማምንቱን ሰብስቦ ይህን ሰው የገደልነው እኛ ነን፣ ጥፋቱ የአመራሬ ነው አለ። ለሠራተኞቹም የቤቱን ስልክ ሰጣቸው፤ አለቆቻችሁ ካልሰሟችሁ ለእኔ ደውሉ አላቸው። ደወሉለትም። ከአደጋ የተነሣ ከሥራ የመቅረት መጠን ከመቶ ሠራተኛ 1.86 የነበረው ሥራውን በለቀቀበት በ2000 ገደማ ወደ 0.2 ወርዶ ነበር፤ ኩባንያውም በዚያው ዘመን ትርፉን አብዝቷል። እንዲህ ያለ አለቃ የሚገጥመው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚናገር ሴፍቲ እንዳይሆን ኮሚቴውን ቶሎ ያቋቁም፤ ከአናጢው፣ ከብረት ሠራተኛውና ከሴቶቹ ተሸካሚዎች የተመረጡ ሰዎች ይግቡበት፤ የተነገረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። አንድን ልጅ ማባረር ይቀላል፤ ስምንት ሰው የፈረመበትን ወረቀት ማባረር ግን ያስቸግራል።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንሥራ። የትምህርት ክፍሉ ይህን ትምህርት እስኪጀምር ብንጠብቅ እንመረቃለን። ስለዚህ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በማኅበሩ አዳራሽ ልምምድ እናደርጋለን። አንዱ ተረኛ ሆኖ ሥራ ያስረክባል፤ ሌላው ይረከባል፤ ሦስተኛው በመካከል እየገባ ወሬ ያስረሳቸዋል፤ ከዚያ የጎደለው ነገር ይቆጠራል። በሁለተኛው ሰዓት አንዱ ማኔጀር ይሆናል፤ ሌላው ገብቶ ሥራ ያስቆመዋል። ማኔጀር የሚሆነው ተማሪ ከልቡ እንዲቆጣ አደራ እንላለን፤ የሚያዝንለት ማኔጀር አያስተምረውም። ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛና ጋሞኛ የሚያውቁ ጓደኞቻችን «ቁም»፣ «ተመለስ»፣ «ከሥሩ አትቁም»፣ «ምን አየህ?» የሚሉትን ቃላት በየቋንቋቸው በግዕዝ ፊደል ጽፈው ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡን፤ በሚቀጥለው እትም አባዝተን እናድላለን። ከሕግ ክፍልም አዋጁን በቀላል አማርኛ የሚያስረዳን ሰው እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆነ እስከ ረቡዕ ማታ ስሙን ያስመዝግብ።